ከመመረቂያ ጋዋን እስከ መጀመሪያው ፊርማ፦ የባሕር ዳር ወጣት ምሩቃንና የሙያ ማንነት ጥያቄ

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የ2015 ዓ.ም. ተመራቂዎችን በአንድ ክረምት ሁለት ነገሮች ተቀበሏቸው። በሐምሌ ወር በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች የተሰጠውን የመውጫ ፈተና ወሰዱ። በዚያው ወር መጨረሻ ሐምሌ 28 ቀን ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ፈተናውን በመላ አገሪቱ ከወሰዱት መካከል ያለፉት ከመቶ 40 ገደማ ብቻ ነበሩ። ያለፉትም ቢሆኑ ዲግሪያቸውን ይዘው የወጡት መንገድ ወደሚዘጋበት፣ ኢንተርኔት ወደሚቋረጥበትና ቀጣሪው ወደ ቀነሰበት አካባቢ ነው። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ቢያበቃም ግጭቱ ከዚያም በኋላ ቀጥሏል። ወደ ጣና ገዳማት ጎብኚ በማመላለስ የሚኖሩት ባለ ጀልባዎች፣ አስጎብኚዎችና የሆቴል ሠራተኞች ገበያቸው ተቀዛቅዟል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የሚመረቁት ወጣቶችም የሚገጥማቸው ይኸው ሁኔታ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ በየመገናኛ ብዙኃኑ ብዙ ይባላል። የሚባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር ነው፦ ስንት ተመረቀ? ስንት አለፈ? ስንት ተቀጠረ? ቁጥሩ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ከቁጥሩ ሥር አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይህን ጥያቄ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የሚጠይቀው ጥቂት ነው፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥም የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ጥያቄውም «ይህ ወጣት ሥራ በጀመረበት ቀን ማን ይሆናል? ማንስ ያደርገዋል?» የሚል ነው። ዲግሪ የሚሰጠው በአንድ ቀን ነው። ሙያ ግን በአንድ ቀን አይሰጥም። መሐንዲስነት፣ መምህርነት፣ ነርስነት ወይም ሒሳብ ሠራተኛነት ወጣቱ ላይ የሚቀረጸው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት የሥራ ዓመታት ነው፤ የሚቀርጹትም በአጠገቡ ያሉት ሰዎች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቤተ ክርስቲያን በእነዚህ ዓመታት ከልጆችዋ ጎን የመቆም ኃላፊነት እንዳለባት ለማሳሰብ ነው።

ከምደባ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳ

ባሕር ዳር በአገራችን የሙያ ትምህርት ታሪክ ትልቅ ስፍራ አላት። በከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከኢጣልያ የጦርነት ካሣ በተገኘ ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1961 ተቋቋመ። ከሁለት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተከፈተ፤ በጨርቃ ጨርቅ፣ በኤሌክትሪክ፣ በብረታ ብረት፣ በእንጨት ሥራ፣ በእርሻ መካኒክና በኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ የሠለጠኑ ሰዎችን ለማውጣት የታቀደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት የፔዳጎጂ አካዳሚው ተመሠረተ። ሁለቱ ተቋማት ተዋሕደው እ.ኤ.አ. በ2000 ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ዛሬም ተማሪው ግቢዎቹን «ፖሊ» እና «ፔዳ» ብሎ ይጠራቸዋል፤ የከተማው ሰውም እንዲሁ።

በዚያ ዘመን የነበረው ተመራቂ ሥራ አይፈልግም ነበር፤ ምደባ ይጠብቅ ነበር። የተመደበበት ቦታ ሩቅ፣ ደመወዙም ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሙያ ስሙ አብሮት ይሄድ ነበር። በአንድ ወረዳ አንድ መምህር ሲደርስ ገና ክፍል ሳይገባ «መምህሩ መጣ» ይባል ነበር። ዛሬ ያ ሥርዓት የለም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል፤ ተመራቂው ግን ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ «የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመት» የሚለውን ያነባል። ልምድ ለማግኘት ሥራ ያስፈልጋል፤ ሥራ ለማግኘት ደግሞ ልምድ ያስፈልጋል። «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ የወጣ ዕለት የሚሰለፈው ሰው ብዛት ይታወቃል። በዚህ መካከል ወጣቱ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን «ተመራቂ» በሚል ስም ብቻ ይኖራል። ተማሪም አይደለም፣ ሠራተኛም አይደለም። ዘመድ በጠየቀው ቁጥር «እየፈለግሁ ነው» ይላል። ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

የሙያ ስም ስድብ በነበረበት አገር

ነገሩን የሚያከብደው ሌላም ታሪክ አለን። በአገራችን ብዙ ሙያዎች ለረጅም ዘመን የስድብ ስም ሆነው ኖረዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ጽሕፈት የሚጽፈውንም ጭምር በሥራው ምክንያት መስደብን እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለ ነበር ነው። በጣና ዳርቻ ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ልጆች ይህን ታሪክ ዛሬም በቅርብ ያውቁታል። ታንኳ መሥራት ከአባት አጠገብ ተቀምጦ በዓይንና በእጅ የሚለመድ ጥበብ ነው፤ ሐይቁንም፣ ነፋሱንም፣ ደንገሉንም ማወቅ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ በዚያ ጥበብ ያደረው ሕዝብ ክብርን ሳይሆን ንቀትን ሲቀበል ኖሯል።

ይህ አስተሳሰብ በከተማው ወጣት ላይ ሌላ መልክ ይዞ ይታያል። ሙያው ሥራ መሆኑ ቀርቶ ማዕረግ ይሆናል። «ምን ትሠራለህ?» ሳይሆን «ምን ሆንክ?» ተብሎ ይጠየቃል። ወላጅ ልጁን ዶክተር ወይም ኢንጂነር ተብሎ ሲጠራ ለመስማት ይጓጓል፤ ልጁም ስሙን ይፈልጋል፤ በስሙ ውስጥ ያለውን አድካሚ ሥራ ግን የነገረው የለም። ከዚህ የተነሣ በእጁ መሥራት የሚያፍር ባለ ዲግሪ ይፈጠራል፤ ከዚህም የባሰ በሐሰት ማስረጃ ስሙን የሚገዛ ይፈጠራል።

ወንጌል በዚህ ላይ ግልጽ ቃል አለው። ጌታችን ኢየሱስ በናዝሬት ሲያስተምር ሰዎች የተሰናከሉበት በአናጢነቱ ነበር (ማርቆስ 6፡3)። የእጅ ሥራው መናቂያ ምክንያት ሆነባቸው። የእግዚአብሔር ልጅ አገልግሎቱን በይፋ ከመጀመሩ በፊት በናዝሬት የሚታወቀው እንጨት በሚሠራ ሰውነቱ ነበር ማለት ነው፤ ያ ዘመንም የባከነ ዘመን አልነበረም። ሐዋርያው ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ያስተሳሰረው ሙያቸው አንድ መሆኑ ነበር፤ ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ (ሐዋ. 18፡1-3)። ተሐድሶን የመሩት አባቶች፣ በተለይም ማርቲን ሉተር፣ የጫማ ሠሪውና የገበሬው ሥራ ከመነኩሴው ጸሎት ያላነሰ የእግዚአብሔር ጥሪ መሆኑን አጥብቀው አስተምረዋል። የዚህ ትምህርት ወራሾች ነን የምንል ሁሉ ልጆቻችን ሙያን እንደ ማዕረግ ሲያሳድዱ ዝም ልንል አይገባም።

ማንነት የሚለየው ፊርማ ላይ ነው

እንግዲህ ሥራ የተገኘ ዕለት ምን ይሆናል? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ቀናት አሠሪው ሠራተኛውን ይመዝናል። ነገር ግን ሌላም ምዘና አብሮ ይካሄዳል፤ ይኸውም መሥሪያ ቤቱ ወጣቱን ወደ ራሱ ልማድ የሚያስገባበት ምዘና ነው። ይህ ልማድ በመመሪያ ላይ አልተጻፈም። የሚገለጠው ወረቀት ቀርቦ «ፈርም» በተባለ ጊዜ ነው።

ሲቪል መሐንዲሱን እንመልከት። ኮንክሪት ሲሞላ ናሙና ተወስዶ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ጥንካሬው መለካት አለበት። ሥራው ቸኩሏል፣ ናሙናው አልተወሰደም፣ ቅጹ ግን ቁጥር ሞልቶበት ቀርቧል። ነርሷ የሌሊት ተረኛ ናት፤ በየሰዓቱ መለካት የነበረበት የሕመምተኛው የደም ግፊትና ሙቀት ሳይለካ ነግቷል፣ ሠንጠረዡ ግን ባዶ ሆኖ ለቀን ተረኛ መተላለፍ የለበትም። መምህሩ የተከታታይ ምዘና ውጤት እንዲያስገባ ቀነ ገደብ ተሰጥቶታል፤ ምዘናውን ግን አላካሄደም። ሒሳብ ሠራተኛዋ የመስክ አበል ታወራርዳለች፤ ሰዎቹ የቆዩት ሦስት ቀን ነው፣ ሰነዱ የሚለው ስምንት ነው። በአራቱም ቦታ የሚነገረው ቃል አንድ ነው፦ «ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ አንተ አዲስ ስለሆንክ ነው።»

ወጣቱ ምን ዓይነት ባለሙያ እንደሚሆን የሚለየው በዚያች ደቂቃ ነው። በመጀመሪያው ቀን የፈረመ በሁለተኛው ቀን አይጨነቅም፤ በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ለአዲሱ ሠራተኛ ያንኑ ቃል የሚናገረው እርሱ ይሆናል። ጌታ በጥቂቱ የታመነ በብዙም እንደሚታመን ያስተማረው ይህን ነው (ሉቃስ 16፡10)። መጥምቁ ዮሐንስ ቀራጮችና ወታደሮች «ምን እናድርግ?» ብለው ሲጠይቁት ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም። ለቀራጩ ከታዘዘው በላይ እንዳይሰበስብ፣ ለወታደሩ ሰውን በግፍ እንዳይቀማና በደመወዙ እንዲረካ ነገረው (ሉቃስ 3፡12-14)። ንስሐቸው የሚታየው በሥራቸው ላይ ነበር።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል። በላዩ የሚሻገረው ሕዝብ የመሐንዲሶቹን ስም አያውቅም፤ ሃይማኖታቸውንም አይጠይቅም። ልጁን አዝሎ፣ ዕቃውን ጭኖ፣ ሳይፈራ ይሻገራል፤ ያለ ስጋት የሚሻገረው አንድ ሰው ለክቶ፣ አረጋግጦ ፈርሟል ብሎ ነው። ሙያ ማለት ይህ ነው፤ የማያውቅህ ሰው ሕይወቱን በፊርማህ ላይ ይጥላል።

ታማኝነት ብቻውን ግን በቂ አይደለም። እውነተኛ ሆኖ ሥራውን የማያውቅ ሰው ባለሙያ አይባልም። እግዚአብሔር ባስልኤልን ለመገናኛው ድንኳን ሥራ ሲጠራው በመንፈሱ ሞላው፤ ይህ ሙላት የተገለጠው በጥበብ፣ በማስተዋልና በእጅ ሥራ ብልሃት ነው (ዘጸአት 31፡1-5)። ስለዚህ «አላውቅም፣ አሳዩኝ» ማለት፣ ማታ ተቀምጦ ማንበብ፣ የተሳሳቱትን አፍርሶ እንደገና መሥራት መንፈሳዊ ነገር ነው። የጸሎት ፕሮግራም ስለ ነበረኝ አረፈድሁ ማለት ግን መንፈሳዊነት አይደለም።

ይህ በተለይ በጣና ዙሪያ ላለን አማኞች ክብደት አለው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአማራ ክልል የፕሮቴስታንት አማኞች ቁጥር ከመቶ 0.2 ብቻ ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት ወንጌላዊ አማኝ የሆነው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ነው። ስሙ ከመታወቁ በፊት «ጴንጤው» ተብሎ ይታወቃል። ይህን ስም በክርክር አይለውጠውም፤ የሚለውጠው «ጴንጤው የሠራው ከሆነ ደግሞ ማየት አያስፈልግም» የተባለ ዕለት ነው። የዳንኤል ጠላቶች በመንግሥት ሥራው ጉድለት ፈልገው አላገኙበትም፤ ሊከሱት የቻሉት በአምላኩ ሕግ ብቻ ነበር (ዳንኤል 6፡4-5)። ብዙዎቻችን ግን ስለ እምነታችን ተሰደድን የምንለው አንዳንድ ጊዜ ስለ ስንፍናችን የተገሠጽነውን ነው።

ከየኔታ ሥር የመቀመጥ ጥበብ

ሙያ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገር መሆኑን አገራችን ከጥንት ታውቃለች። ጎጃም የቅኔ አገር የተባለችው እንደ ዋሸራ ባሉ ጉባኤ ቤቶች ነው። የቆሎ ተማሪው ከየኔታ ሥር ዓመታት ይቀመጣል፤ ይሰማል፣ ይሞክራል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይሞክራል። ማንም ሰው መምህሩ ሳያየው ራሱን ባለ ቅኔ ብሎ አይጠራም። እኛ ወንጌላውያን በትምህርቱ ይዘት ብንለይም ከዚህ ትዕግሥት የምንማረው አለ።

የዘመናዊው ትምህርትም ይህን ያውቃል። በመምህራን የሙያ ደረጃ አዲሱ መምህር «ጀማሪ መምህር» ይባላል፤ ከዚያም መለስተኛ፣ መምህር፣ ከፍተኛ፣ ተባባሪ መሪና መሪ መምህር እያለ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የመምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ ጀማሪው መምህር ለሁለት ዓመት ልምድ ባለው መምህር እየተደገፈ እንዲሠራ ይጠይቃል። በወረቀት ላይ መልካም ሥርዓት ነው። በተግባር ግን ደጋፊ የተባለው መምህር ራሱ ብዙ ክፍለ ጊዜ ይዞ፣ በኑሮ ውድነት ተጨንቆ፣ በግጭቱም ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ጀማሪውን ማን ያስተምረዋል?

ቤተ ክርስቲያን የት ናት?

መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እሑድ ጠዋት በአንድ አዳራሽ ውስጥ በፊተኛው ወንበር ላይ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራ ሒሳብ ሠራተኛ፣ አዋላጅ፣ መምህር፣ አናጢ ወይም ነጋዴ ተቀምጧል። በኋለኛው ወንበር ላይ በዚያው ሙያ ዘንድሮ የተመረቀ ወጣት ተቀምጧል። ሁለቱ ከአምልኮ በኋላ ተጨባብጠው ይለያያሉ። ለዓመታት በአንድ ጣራ ሥር ሲያመልኩ አንዱ የሌላውን ሥራ አያውቅም።

ወጣቱ በግቢ ሳለ ኅብረት ነበረው። በኢቫሱ ሥር በሚሰበሰቡ የተማሪዎች ኅብረቶች ውስጥ የመዝሙር ቡድን አስተባባሪ፣ የጸሎት መሪ ወይም ገንዘብ ያዥ ነበር። በዚያ ዕቅድ ማውጣትን፣ ቃለ ጉባኤ መያዝን፣ የሰው ገንዘብ ቆጥሮ ማስረከብን ተምሯል። ይህ ሁሉ ሙያ ነው፤ ነገር ግን ማንም እንዲያ ብሎ አልነገረውም። የተነገረው «አገልግሎት» መድረክ ላይ ያለው ብቻ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ ሲመረቅ ሁለት ስሞች በአንድ ጊዜ ይጎድሉበታል፤ ተማሪነቱም አገልጋይነቱም። ሥራ ካገኘም «ጌታን በሙሉ ጊዜዬ አላገለገልሁም» በሚል ወቀሳ ይኖራል፤ በቢሮው ያለውን ስምንት ሰዓት ለእንጀራ ብቻ የሚከፈል ዋጋ አድርጎ ያየዋል። ቃሉ ግን የምንሠራውን ሁሉ ለጌታ እንደምናደርገው በትጋት እንድናደርገው ያዛል (ቆላስይስ 3፡23-24)።

ይህ ባዶ ስፍራ ሌላ ነገር ይጠራል። ምክር ያጣ ወጣት ትንቢት ፍለጋ ይሄዳል። «በዚህ ወር በር ይከፈታል፣ ቪዛ ይመጣል» የሚለውን ሰምቶ ተስፋ ያደርጋል፤ ወሩ ሲያልፍ እምነቱም አብሮ ይጎዳል። እግዚአብሔር በር ይከፍታል፤ እናምናለን። ነገር ግን የማመልከቻ ደብዳቤውን አንብቦ የሚያርምለት አንድ ሽማግሌ ያላገኘ ወጣት አሥር ትንቢት ቢነገረው ምን ይጠቅመዋል?

ሥራ ላላገኘውስ?

«ስለ ሙያ ማንነት የምታወሩት ሥራ ላለው ነው» የሚል ወገን ይኖራል፤ ቅሬታውም ትክክል ነው። የሥራ እጦት የወጣቱ የእምነት ጉድለት አይደለም። ጦርነት፣ የኢኮኖሚ ችግርና የትምህርት ጥራት መውደቅ በአንድ ትውልድ ላይ ተደራርበው ሲመጡ «በርታ» ማለት ብቻውን ሸክም መጨመር ነው።

ይሁን እንጂ ዮሴፍን እናስብ። በጲጥፋራ ቤት ባሪያ፣ ቀጥሎም እስረኛ ነበር። በሁለቱም ቦታ የተሰጠውን ሥራ በሥርዓት ያዘ፤ በኋላ የግብፅን እህል ያስተዳደረበት ችሎታ በዚያ ታየ (ዘፍጥረት 39)። በሕግ ተመርቆ ባጃጅ የሚነዳ፣ በእንስሳት ሳይንስ ተመርቃ ሱቅ የምትጠብቅ ወጣት ከሙያ ዓለም አልወጡም። ሒሳብ መያዝ፣ ሰዓት ማክበር፣ ደንበኛን አለማታለል እዚያም ይለመዳል። «ሙያ በልብ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ማለት ግን በዚያ ይቅሩ ማለት አይደለም፤ የተማሩትን እንዳይረሱ፣ መጽሐፋቸውን እንዳይዘጉ የሚረዳቸው ሰው ያስፈልጋል።

ምን እናድርግ?

1ኛ. አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት እያንዳንዱን ተመራቂ በተመሳሳይ ሙያ ካለ አንድ ጎልማሳ አማኝ ጋር ለሁለት ዓመት ያገናኙ። በወር አንድ ጊዜ መገናኘት ይበቃል። ሁለት ጥያቄዎች አይቅሩ፦ «በዚህ ወር የከበደህ ፊርማ ምን ነበር? ያልቻልከውስ ሥራ ምንድን ነው?» በአካባቢው ባለሙያ ከሌለ በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር ያሉ ወገኖች በስልክ ይህን ሊያደርጉ ይችላሉ። እግዚአብሔር ባስልኤልን ሥራ ብቻ ሳይሆን ማስተማርንም በልቡ እንዳኖረ አንዘንጋ (ዘጸአት 35፡34)።

2ኛ. በምረቃ ሰሞን ኬክ ቆርሰን ስጦታ ሰጥተን ብቻ አንሸኛቸው። ወንጌላዊ ስንልክ እጅ ጭነን እንደምንጸልይ ለነርሷና ለመምህሩም እንጸልይላቸው። ወዴት እንደሚሄዱና ምን እንደሚጠብቃቸው በጉባኤ ፊት ይነገር።

3ኛ. ቤተ ክርስቲያን ራስዋ ምሳሌ ትሁን። ምሩቃንን «ለጌታ ነው» እያልን ያለ ደመወዝ ለዓመታት ማሠራት ተገቢ አይደለም። መዝገባችን በደረሰኝ የተደገፈ፣ በኦዲተር የሚታይ ይሁን። ከሁሉ በላይ «ልጃችንን ለመርዳት» ብለን ያልሠራውን ዓመት የሥራ ልምድ ብለን አንጻፍለት። በቤተ ክርስቲያን ማኅተም የተጻፈ የሐሰት ልምድ ለወጣቱ የመጀመሪያው የሙያ ትምህርት ይሆንበታል።

4ኛ. አልፈርምም ብሎ ሥራውን ያጣ ወይም ዕድገት የተከለከለ ወጣት ሲኖር ብቻውን አንተወው። ስለ ታማኝነት ሰብከን ዋጋው ሲመጣ የቤት ኪራዩን ካልተካፈልን ስብከታችን ከንቱ ነው። ይህ ለአንድ አጥቢያ ከባድ ወጪ አይደለም፤ ለዚያ ወጣት ግን መላ ሕይወቱን ሊለውጥ ይችላል።

ለእናንተ ለወጣት ምሩቃን ደግሞ የምንለው ይህ ነው፦ በክርስቶስ ያላችሁ ማንነት ከመቀጠራችሁ በፊት ተፈጽሟል፤ ደብዳቤ ቢመጣ አይጨምርም፣ ባይመጣም አይቀንስም። የሙያ ማንነታችሁ ግን ገና ይሠራል። አትፍሩት፣ አትቸኩሉበትም። ከእናንተ የሚበልጥ ሰው ፈልጋችሁ ከአጠገቡ ተቀመጡ። ያልለካችሁትን «ለካሁ» አትበሉ። የጣና ዳርቻ ሕዝብ ስለ ወንጌል የሚሰማው ከምትናገሩት ብቻ አይደለም፤ ከሠራችሁለት ሥራም ጭምር ነው።

የሰላም አምላክ ለምድራችን ሰላምን፣ ለልጆቻችንም የሥራ በርን ይክፈት። የእጃችሁንም ሥራ ያቅናላችሁ። አሜን።